የኒው ዮርክ ወደብና የገጹ ቋንቋ

ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፉት የአዶቢ መሥራች ጆን ዋርኖክ ስማቸው በተነሣ ቁጥር አንድ ያልተቋጨ ክርክር አብሮ ይነሣል፤ የአዶቢ የገጽ ቋንቋ ፖስትስክሪፕት የማን ልጅ ነው?

የሚታወቀውን ባጭሩ እንለፈው። ዋርኖክና ቻርልስ ጌሽኪ በካሊፎርኒያው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ባልደረቦች ነበሩ። እዚያም ኢንተርፕሬስ የተባለ ቋንቋ በመፍጠሩ ሥራ ተሳተፉ፤ ቋንቋው አንድ ገጽ እንዴት እንደሚታተም ለማተሚያ መሣሪያ የሚነግር ነው። ዜሮክስ ለሌሎች ክፍት አላደርገውም ሲል ሁለቱ ለቀው ወጡና እ.ኤ.አ. በ1982 አዶቢን አቋቋሙ። ፖስትስክሪፕት በ1984 ወጣ። በዓመቱ በአፕል ማተሚያ በሌዘርራይተር ውስጥ ገባ፤ የመሣሪያው ዋጋ 6,995 ዶላር ነበር።

ከዚህ በመነሣት ፖስትስክሪፕትን ከዜሮክስ ቤት የወጣ ግልባጭ የሚያደርጉት አሉ። ዋርኖክ ግን ሥሩን የሚመዙት ከ1976 ነው። ያኔ በኢቫንስ ኤንድ ሰዘርላንድ ኩባንያ ሳሉ ለመርከብ መሪዎች ማሠልጠኛ የኒው ዮርክን ወደብ በኮምፒዩተር መሣል ነበረባቸው። ያንን ሁሉ መረጃ የሚተረጉመውን ቋንቋ መሠረታዊ ሐሳብ ያፈለቀው ጆን ጋፍኒ ነበር። ዋርኖክ በ1978 ዜሮክስ ሲገቡ ከማርቲን ኒውዌል ጋር ያንኑ ሐሳብ እንደገና ሠሩት፤ ኢንተርፕሬስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቋንቋዎች አባትና ልጅ ከማለት ወንድማማቾች ማለቱ ይቀናል።

ፖስትስክሪፕት ሲጻፍ ምን ይመስላል? «72 72 ሙቭቱ 216 72 ላይንቱ ስትሮክ»። ልኬቱ 72 ነጥብ ለ1 ኢንች ነው። ከገጹ ግራ ታችኛ ጥግ 1 ኢንች ወደ ቀኝ፣ 1 ኢንች ወደ ላይ ሂድ፤ ከዚያ 2 ኢንች አግድም መስመር አስምር ማለት ነው። ቁጥሩ ይቀድማል፣ ትእዛዙ ይከተላል፤ ግሡን መጨረሻ ላይ ለሚያደርግ አማርኛ ተናጋሪ ብዙም እንግዳ አይሆንም።

በአንድ ነገር ግን ኢንተርፕሬስ ይበልጥ ነበር። እያንዳንዱ ገጽ ራሱን የቻለ ስለነበር 50ኛውን ብቻ ነጥሎ ማተም ይቻል ነበር። ፖስትስክሪፕት ሙሉ የፕሮግራም ቋንቋ በመሆኑ 50ኛው ገጽ ቀድሞ በተሰጠ ትእዛዝ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

አዶቢ ይህን ያስተካከለው በ1993 ባወጣው ፒዲኤፍ ነው። የአሣሣሉን ዘዴ ይዞ የፕሮግራሙን ክፍል ጣለ፤ በ2008ም ፒዲኤፍ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። በኮምፒዩተር ተተይቦ ፒዲኤፍ የሆነ የአማርኛ ጽሑፍ በስልክ ላይ የቱንም ያህል ቢጎላ የፊደሉ ጠርዝ የማይሻክረው በዚሁ ዘዴ፣ በመስመርና በኩርባ ስለሚሣል ነው። ስካን ተደርጎ የገባ ገጽ ግን ፎቶ በመሆኑ ሲጎላ ይደበዝዛል።