ዴቪድ አይንሆርን
ዴቪድ አይንሆርን (የተወለደው እ.ኤ.አ. 1968) አሜሪካዊ ባለሀብትና በትርፍ ጊዜው የፖከር ውድድር ተጫዋች ነው። በ1991 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ በ1996፣ ገና በ27 ዓመቱ፣ ግሪንላይት ካፒታል የተባለውን የኢንቨስትመንት ድርጅት ከአንድ አጋሩ ጋር መሠረተ። መነሻ ካፒታላቸው 900,000 ዶላር ገደማ ነበር። በ2008 ሌማን ብራዘርስ ከመክሰሩ ከወራት በፊት የባንኩን የሒሳብ አያያዝ በአደባባይ መተቸቱ ዝናውን አገነነው።

በ2006 ላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም ፖከር ዋና ውድድር ከ8,773 ተጫዋቾች 18ኛ ወጥቶ 659,730 ዶላር አሸነፈ፤ ገንዘቡን ለፓርኪንሰን በሽታ ምርምር ለገሰ። በ2012 ደግሞ የመግቢያ ክፍያው 1 ሚሊዮን ዶላር በሆነና 48 ሰዎች በተካፈሉበት ውድድር 3ኛ ሆኖ ያገኘውን 4.35 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲቲ ይር ለተባለው የትምህርት በጎ አድራጎት ድርጅት ሰጠ።