በቀይ ጨርቅ ላይ የተሰለፈ ሠራዊት
ከሰንጠረዥ እስከ ጋሞ ዱቡሻ

«ሰንጠረዥ» የሚለው ቃል ዛሬ በመምህራን አንደበትም ሆነ በጽሕፈት ቤት ዘገባ ላይ ሲውል ትርጉሙ በመስመርና በዓምድ የተከፋፈለ የቁጥር መዘርዝር ነው። የመኸሩ ምርት፣ የተማሪው ውጤት፣ የሠራተኛው ደመወዝ በሰንጠረዥ ይሰፍራል። ቃሉ ግን ወደ ጽሕፈት ቤት የገባው ከጦር ሜዳ ነው። ቀደም ባሉት ዘመናት ሰንጠረዥ ማለት ንጉሥ፣ አማካሪ፣ ዝሆን፣ ፈረሰኛና እግረኛ በአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ላይ ተሰልፈው የሚዋጉበት ጨዋታ ነበር። ቃሉ አዲስ ሥራ ሲያገኝ ሠራዊቱ ድምፁን ሳያሰማ ተበተነ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይህን ጨዋታ የሚወድ ወጣት ቢገኝ እንኳ ጨዋታውን ቼዝ ብሎ የሚጠራና በአውሮፓ ሕግ የሚጫወት ነው።

የጨዋታው መነሻ ሕንድ እንደሆነ የታወቀ ነው። የጥንቱ ስሙ ቻቱራንጋ ሲሆን ፍቺውም አራቱ ክፍለ አካላት ማለት ነው፤ ይኸውም የጥንት ሠራዊት የቆመባቸው እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ናቸው። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረቦች ተሻግሮ ሻጥራንጅ ተባለ። በዚሁ የዐረብ መንገድ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባቱ የጠጠሮቹ ስም ራሱ ምስክር ነው። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ የፋርሶች «ፈርዚን» ማለትም አማካሪ ነው፤ እግረኛው መደቅ የዐረቦች «ባይደቅ» ነው። ሳባ እየተባለ ጭምር የሚጠራው ፊል ደግሞ ዝሆን ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በአማርኛ ዝሆን እንጂ ፊል የሚባል አውሬ የለም፤ በግእዝም ነጌ ነው። ስለዚህ የአገራችን ተጫዋች ሁለት ቤት በሰያፍ የሚዘለውን ፊል ሲያንቀሳቅስ በስሙ ውስጥ የተደበቀውን ዝሆን ቋንቋው አያሳየውም ነበር።

ነገር ግን ዝሆን ለዚህች አገር ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት የቢዛንታይን መልእክተኛ አፄ ካሌብን ባገኘ ጊዜ ንጉሡ አራት ዝሆኖች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ቆሞ፣ በወርቅ የተለበጠ ጋሻና ሁለት ጦሮች ይዞ፣ በወርቅ የተሠራ የተልባ እግር ልብስ ለብሶ እንደተቀበለው የማላላስ ዜና መዋዕል መዝግቦታል። ከካሌብ በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዒዛናም በድንጋይ ላይ ባስቀረጻቸው ጽሑፎች የዘመቻውን ምክንያት፣ የላካቸውን ሠራዊቶች ስም፣ የማረከውን ሰውና ከብት አንድ በአንድ አስቆጥሯል። በቤጃ ላይ ሁለቱን ወንድሞቹን ማዝመቱ፣ ምርኮኞቹንም ቀለብና ልብስ ሰጥቶ በሌላ ምድር ማስፈሩ በዚያው ይነበባል። በኖባ ዘመቻ ላይ እነማሃዛና እነሐራ የተባሉት ሠራዊቶች በስም ተጠቅሰዋል። የሠራዊት ቆጠራና የሠራዊት አሰላለፍ እንግዲህ ከሰንጠረዡም በፊት በድንጋይ ላይ የነበረ ጥበብ ነው።

ሰንጠረዥ በቤተ መንግሥት መኖሩ ግልጽ ሆኖ የሚታየው በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቤተ መንግሥቱ የነበረ ቢቺኒ የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ከንጉሡ ጋር ይጫወት እንደነበረ ተጽፏል። ንጉሥና ሠዓሊ በአንድ ጨርቅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ማየት ለዚያ ዘመን ብርቅ ትዕይንት ነው። ከዚያ በኋላ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 በአንጣሎ የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጎበኝ ራሱ ለጨዋታው ምን ያህል ፍቅር እንደነበራቸው ተመልክቷል። ጨዋታው በዝምታ የሚካሄድ አልነበረም፤ በዙሪያው የተቀመጠው ሁሉ ይመክራል፣ ይከራከራል፣ ይጮኻል። የቆንስሉ የፕላውደን ጽሑፍም፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ ቼዝ ታሪክ ሰፊ መጽሐፍ ያሳተመው ሙራይም የኢትዮጵያን አጨዋወት መዝግበው አቆይተዋል። እቴጌ ጣይቱም ጨዋታውን ያውቁ እንደነበረ ይነገራል።

ሰሌዳው እንደ አውሮፓው ጥቁርና ነጭ ቤት አልነበረውም። ቀይ ጨርቅ ነበር፤ በላዩ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ስምንት በስምንት የሆኑ ስልሳ አራት ቤቶች ይሰመሩበታል። ተጠቅልሎ የሚያዝ ስለሆነ ድንኳኑን እየነቀለ ለሚዘዋወር ቤተ መንግሥት የተመቸ ነው። የእያንዳንዱ ተጫዋች ንጉሥ ከመካከሉ መስመር በስተቀኝ ይቆማል፤ ፈርዙም በግራው ነው። ስለዚህ ንጉሥ ከንጉሥ ጋር ፊት ለፊት አይተያይም፤ የሚያየው የባላጋራውን አማካሪ ነው። ደር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ፈረስ እንደ ዛሬው ፈረስ ይዘላል፤ መደቅ አንድ አንድ ቤት ወደፊት ይገፋል።

የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ከዓለም ጨዋታ ሁሉ የሚለየው ግን አጀማመሩ ነው። «ወረራ» ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ጠጠራቸውን በአንድ ጊዜ፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው ያንን አይቶ የራሱን አሰላለፍ ያፈርሳል፤ ያኛው ደግሞ ይህን አይቶ ፈረሱን ይመልሳል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለት እጆች በአንድ ጨርቅ ላይ ይሯሯጣሉ። ከመጀመሪያው ምርኮ በኋላ ተራ ይያዛል፤ ጦርነቱም በሥርዓት ይጀመራል። የአውሮፓ ጨዋታ ሠራዊቱ አንዴ ተሰልፎ ካለቀ በኋላ የሚነሣ ሲሆን ሰንጠረዥ ግን ክተቱን ራሱን፣ ነጋሪት ተጎስሞ ሰው ከየአምባው የሚጎርፍበትን ግርግር፣ በጨርቁ ላይ አምጥቶታል። ይህን ያፈለቀው ሰው ጦርነትን በቅርብ የሚያውቅ እንደነበረ አያጠራጥርም።

አጨራረሱም የራሱ ክብር ነበረው። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ ማትታት ያሸንፋል እንጂ አያስመሰግንም። በፊልና በፈርዝ፣ ከሁሉም በላይ በመደቅ መርታት ግን ያስጨበጭባል። ሠራዊቱ ያለቀበትና ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይባልም፤ ንጉሡን ያጀበው አንድ ትልቅ ጠጠር ብቻ ከሆነም ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ካልተረታ ጨዋታው እኩል ይሆናል። ገባሩና እግረኛው ስም በማያገኝበት የመሳፍንት አዳራሽ ውስጥ ንጉሥን በእግረኛ መርታት ከሁሉ የላቀ ጥበብ ተብሎ መመስገኑ የሚያስገርም ነው። መኳንንቱ በጨርቅ ላይ ያመሰገኑትን በምድር ላይ ይፈቅዱት ነበር ማለት ግን አይደለም።

ጠጠሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከዝሆን ጥርስ የሚሠሩ፣ ወፍራምና ጌጥ ያልበዛባቸው ነበሩ። የዝሆን ጥርስ ደግሞ በብዛት የሚመጣው ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ ነው። በደቡብ ቆላ የወደቀ ዝሆን በሰሜን አዳራሽ ንጉሥም እግረኛም ሆኖ ይነሣል ማለት ነው። የጠረበው እጅ ግን በየትኛውም ዜና መዋዕል አልተጠቀሰም።

ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሰንጠረዥም ስለ ገበጣም ባሳተማቸው ጥናቶች ይህን ሁሉ ሰብስቦ ባያስቀምጠው ኖሮ ብዙው ይጠፋ ነበር። ሰንጠረዥ በ1928 ዓ.ም. ከጀመረው የፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ወዲህ ከአዳራሹ ጋር ተዳከመ። ገበጣ ግን አልሞተም። ገበጣ ቀይ ጨርቅም ሆነ የዝሆን ጥርስ አይፈልግም፤ መሬት ተጭሮ ጉድጓድ ይበጃል፣ ጠጠር ወይም ፍሬ ይለቀማል፣ እረኛውም ሽማግሌውም ይጫወታል። በገበጣ ንጉሥ የለም፤ ጠጠሮቹም እኩል ናቸው። ንጉሥ የሌለው ጨዋታ ከነገሥታቱ በኋላ መኖሩ የአጋጣሚ ጉዳይ ብቻ አይመስልም።

በዚያው በወረራው ዘመን ኢትዮጵያዊው ወታደር በሌላ ሰሌዳ ላይ ተሰልፎ ነበር። በአውሮፓ የፕሩሲያ መኮንኖች ከ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ጦርነትን በካርታና በጠጠር እየተጫወቱ ይሠለጥኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 የለንደኑ የብሪተንስ ፋብሪካ ውስጡ ክፍት የሆነ የእርሳስ ወታደር መሥራት በመጀመሩ አሻንጉሊቱ ረከሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ደግሞ ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ በእነዚሁ ወታደሮች የሚጫወቱበትን ሕግ በመጽሐፍ አወጣ። የኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረበት ወቅት ይኸው ፋብሪካ የንጉሠ ነገሥቱን የክብር ዘበኛና የኢትዮጵያን ባላገር ተዋጊዎች በእርሳስ ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በካርቶን አሽጎ ለገበያ አቀረበ። የኢጣሊያ ወታደሮችም በሌላ ካርቶን ይሸጡ ነበር። በማይጨው በመርዝ ጋዝ የሚቃጠለው ሰው በለንደን ሱቅ መስኮት የልጆች መጫወቻ ሆኖ ቆመ።

ያ ጨዋታ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የትልልቅ ሰዎች መዝናኛ ሆኖ ሰፋ። የጥንት ዘመን ሠራዊትን፣ የሮማን፣ የፋርስን፣ የግብጽን፣ በጣት ቁመት ልክ ቀርጸው፣ በቀጭን ብሩሽ የጋሻውን ጌጥና የቀሚሱን ጥለት ሣሉለት፤ ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው በዳይና በመለኪያ ያዋጉታል። በብሪታንያ ተጫዋቾች በሚያሳትሟቸው የጥንት ሠራዊት መዘርዝሮች ውስጥ የአክሱም ሠራዊትም ቦታ አለው። የካሌብን ጋሻ በወርቅ የሚቀባው እጅ ማላላስን አንብቦ ሊሆን ይችላል። የአክሱም ልጆች ግን ያንን ሠራዊት በእጃቸው አልያዙትም፤ በትምህርት ቤት የሚያገኙት ካሌብን በስም፣ ሠራዊቱን በዓመተ ምሕረት ብቻ ነው። ቅሬታው በእንግሊዛዊው ቀቢ ላይ አይደለም፤ እሱስ ደክሞበታል።

ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ የራሱን ጦርነት አላስረከበም። በ20ኛው መቶ ዓመት በአዲስ አበባ የተስፋፋው የዓድዋ ሥዕል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዋለውን ጦርነት በአንድ ሸራ ላይ አሳንሶ አስቀምጦታል። በአንድ በኩል ምኒልክ በጥላ ሥር፣ ጣይቱ በፈረስ ላይ፤ በሌላው በኩል የኢጣሊያ ሰልፍ፤ በላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ፤ በመካከል መድፍ፣ ነጋሪትና በረድፍ በረድፍ የተደረደረ ትንንሽ ሰው። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል በወረሰው ልማድ የወገን ሰው ሁለት ዓይኑ እስኪታይ ፊቱን ወደ ተመልካቹ ያዞራል፤ ጠላት በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል። በለንደኑ የብሪቲሽ ሙዚየም ሳይቀር ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱ ይገኛል። ይህ ሥዕል ከእርሳሱ ወታደር የሚለየው በዚህ ነው፤ ከሠዓሊው እጅ የወጣው ትንሹ ሰው ተመልካቹን መልሶ ያየዋል።

ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተምዕራብ ወደሚነሣው የጋሞ ደጋ ሲወጣ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የጋሞ ሕዝብ ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ዲታ፣ ቦንኬ፣ ኦቾሎ እየተባሉ በሚጠሩ በርካታ ደሬዎች ተከፋፍሎ የኖረ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በምኒልክ መንግሥት ሥር ከመዋሉ በፊት በደሬና በደሬ መካከል ኦላ፣ ማለትም ጦርነት፣ ይካሄድ ነበር፤ ጀግናውም ይከበር ነበር። ነገር ግን ኦላን የሚያውጅም ሆነ የሚያበርድ አንድ ሰው አልነበረም። ጉዳዩ በዱቡሻ፣ በሕዝቡ መሰብሰቢያ ሜዳ ላይ፣ ተቀምጦ በተራ በመነጋገር ይታይ ነበር። ሰንጠረዥ ከወረራ በኋላ ተራ ያስይዛል፤ ዱቡሻ ግን ተራውን ከወረራው በፊት ያስይዛል።

ዱቡሻን ያለ እንከን አድርጎ ማቅረብ ደግሞ ታሪክን ማሳሳት ነው። የዶርዜ ሸማኔ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ዱንጉዛውን ሠርቶ ሲከበር፣ ሸክላ የምትሠራው ማናና ቆዳ የሚፍቀው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ደጋላ በዱቡሻው ላይ ቃል አልነበራቸውም፤ መሬትም አልነበራቸውም። ለኦላው ብረቱን የቀጠቀጠው ስለ ኦላው አይጠየቅም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለእነዚህ ባለ እጆች በሕግ በር ቢከፍትም ንቀቱ በአዋጅ ቀን አላለቀም። ከዚያ ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ በጋሞ የመጡ የቅርስ ተመራማሪዎች በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎችን አግኝተው፣ የጥንቱን ሰው ጥበብ ከእነሱ እጅ ተምረዋል።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማነት ከደጋዋ ከጨንቻ ወደ ቆላዋ አርባ ምንጭ ሲወርድ ዱቡሻው ከደጋ የቀረ መስሎ ነበር። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ጋሞዎች መገደላቸውና መፈናቀላቸው እንደተሰማ የአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ ወጡ፤ በከተማው የሌላ ወገን በሆነ ንብረት ላይ በቀል ሊወርድ ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከሰልፉ ፊት መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ሣር በያዘ ሽማግሌ ላይ ተሻግሮ መሄድ በጋሞ ነውር ነው። ወጣቶቹ ቆሙ፤ ጥቂት ተነጋግረው ወደየቤታቸው ተመለሱ።