ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሰው በሆነ ጊዜ

በመሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የሠራ ሰው፣ የገባ ደብዳቤ ሁሉ ቍጥርና ቀን ሳይጻፍበት ወደ ኀላፊው ጠረጴዛ እንዳያልፍ የሚደረግበትን ምክንያት ያውቃል። ባለጉዳዩ «እኔ ቀድሜ አመልክቻለሁ» ብሎ በተከራከረ ጊዜ ነገሩን የሚቈርጠው የአፍ ብዛት ሳይሆን በወረቀቱ ራስ ላይ ያለው ቀን ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ይህንኑ ሥርዐት ለዕውቀት ሥራ ማዋል የጀመሩት በ1665 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዓመት በማርች ወር፣ የሎንዶን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ጸሐፊ የነበረው ሄንሪ ኦልደንበርግ፣ ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ የተባለውንና እስከ ዛሬም የሚታተመውን መጽሔት በራሱ ወጪ አሳትሞ አወጣ። ከዚያ ቀደም የነበረው ልማድ የሚያስገርም ነው። አንድ ሊቅ አዲስ ነገር ያገኘ እንደ ሆነ፣ ሌላው እንዳይነጥቀው ግኝቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፍና ፊደሎቹን በታትኖ እንደ እንቈቅልሽ ለወዳጆቹ ይልክ ነበር። ኋላ ሌላ ሰው «ይህን ያገኘሁ እኔ ነኝ» ባለ ጊዜ የፊተኛው ፊደሎቹን ገጣጥሞ «ይኸው፣ ቀድሜሃለሁ» ይለዋል። ዕውቀት እንደ ወርቅ በጓሮ ይቀበር ነበር ማለት ነው። ኦልደንበርግ ግን የሊቃውንቱን ደብዳቤ እየተቀበለ፣ ቀኑን እየመዘገበ፣ ባለቤቱንም በስሙ እየጠራ በማሳተም፣ «ያገኘኸውን ግለጥልን፤ የአንተ ለመሆኑ እኛ ምስክር እንሆናለን» የሚል ያልተጻፈ ውል ከጸሐፊዎች ጋር ገባ። ለዚህ ሥራ ሲል ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የሚጻጻፈው ደብዳቤ እጅግ ስለ በዛ፣ በ1667 ዓ.ም. ተጠርጥሮ በሎንዶን ግንብ እስከ መታሰር ደርሷል።

ይህ ውል ከሁሉ ይልቅ የተፈተነው በሰር አይዛክ ኒውተንና በጀርመናዊው ሊቅ በጎትፍሪድ ላይብኒትስ መካከል በተነሣው ክርክር ነው። የክርክሩ ምክንያት ካልኩለስ የሚባለው የሒሳብ ክፍል ነበር፤ ይኸውም ሳያቋርጥ የሚለዋወጥን ነገር፣ ለምሳሌ የሚወድቅ ድንጋይን ፍጥነት፣ ለማስላት የሚያገለግለው ነው። ኒውተን የዚህን ሒሳብ መሠረት ያገኘው በ1665 እና በ1666 ዓ.ም.፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በወረርሽኝ ምክንያት ተዘግቶ ወደ ትውልድ ቀዬው ተመልሶ ሳለ ነው። ነገር ግን አላሳተመውም። ላይብኒትስ በ1675 ዓ.ም. በፓሪስ ሳለ በራሱ መንገድ ደረሰበት። በ1676 ዓ.ም. ኒውተን በኦልደንበርግ አማካይነት ለላይብኒትስ በላከው ደብዳቤ ውስጥ የዘዴውን ፍሬ ነገር በዚያው በአሮጌው ልማድ በተበታተኑ ፊደሎች ሸሸገው። ላይብኒትስ በተከታዩ ዓመት በሰጠው መልስ የራሱን ዘዴ ሳይሸሽግ ገለጠ፤ በ1684 ዓ.ም. ደግሞ በላይፕሲግ ይታተም በነበረው አክታ ኤሩዲቶሩም በተባለ መጽሔት አወጣው።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ግን የኒውተንን ስም አላነሣም። እኔ እንደሚመስለኝ የጠቡ ዘር የተዘራው እዚህ ላይ ነው፤ «በእንግሊዝ አገርም ይህን የመሰለ ዘዴ እንዳለ በደብዳቤ ተረድቻለሁ» የምትል አንዲት መሥመር ብትገባ ኖሮ ብዙ ቂም ባስቀረች ነበር። ላይብኒትስ ስለ ቋንቋዎች ይጻጻፈው የነበረው ሂዮብ ሉዶልፍ በዚህ ረገድ የተሻለ ሰው ነበረ። ሉዶልፍ ስለ አገራችን ታሪክና ቋንቋ በጻፋቸው መጻሕፍት፣ ዕውቀቱን ያገኘው ከኢትዮጵያዊው መነኵሴ ከአባ ጎርጎርዮስ መሆኑን በስሙ እየጠራ መስክሯል። ኒውተንም ቢሆን በ1687 ዓ.ም. ባሳተመው ፕሪንሲፒያ በተባለው ታላቅ መጽሐፉ፣ ላይብኒትስ ከእርሱ ዘዴ ብዙም የማይለይ ዘዴ እንደ ገለጠለት ጽፎ ነበር። በዚያ ቢቆም ኖሮ ነገሩ በክብር ባለቀ።

አልቆመም። በ1704 ዓ.ም. ኒውተን ስለ ብርሃን በጻፈው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሒሳብ ድርሰቱን አወጣ። በተከታዩ ዓመት በአክታ ኤሩዲቶሩም የጸሐፊው ስም ያልተገለጠበት ግምገማ ታተመ፤ ኒውተን የላይብኒትስን ዘዴ መልኩን ለውጦ እንደ ወሰደ የሚያስመስል አነጋገር ነበረበት። የጻፈው ላይብኒትስ ራሱ ነው፤ በኋላ ግን የእኔ አይደለም ብሎ ካደ። ከዚያ ጆን ኪል የተባለ የኒውተን ደጋፊ በፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ ላይ፣ ላይብኒትስ የኒውተንን ሒሳብ ስሙንና ምልክቱን ለውጦ አሳተመ ብሎ በግልጥ ጻፈ። ላይብኒትስም የሎንዶኑ ማኅበር አባል ስለ ነበረ፣ ስሜ ጠፍቷልና ፍረዱልኝ ሲል በ1711 ዓ.ም. ለማኅበሩ አቤት አለ።

አቤት ያለበት ማኅበር ፕሬዚዳንት ከ1703 ዓ.ም. ጀምሮ ኒውተን ነበር።

በማርች 1712 ዓ.ም. አጣሪ ኮሚቴ ተሰየመ። ከአባሎቹ የሚበዙት የኒውተን ወዳጆች ነበሩ፤ ሦስቱ የተጨመሩት ውሳኔው ሊነበብ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ላይብኒትስ መልስ እንዲሰጥ አልተጠየቀም። በአፕሪል 24 ቀን የቀረበው ውሳኔ የመጀመሪያው አግኚ ኒውተን መሆኑን፣ ኪልም ላይብኒትስን እንዳልበደለ ገለጠ። ለማስረጃ የሆኑት ደብዳቤዎች ተሰብስበው ኮመርሲየም ኤፒስቶሊኩም በሚል ስም በማኅበሩ ትእዛዝ ታትመው ለአውሮፓ ሊቃውንት ታደሉ። ደብዳቤዎቹን የመረጠ፣ የኅዳግ ማስታወሻ የጻፈላቸው፣ ውሳኔውንም ያረቀቀ ማን እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ አልተነገረም። ኒውተን ነበር። በዛፍ ሥር የሚሟገት ባላገር እንኳ የባላጋራውን ዘመድ ዳኛ አድርጎ አይቀበልም፤ እዚህ ግን ዳኛው ባላጋራው ራሱ ሆነ።

ይህም አልበቃ። በ1715 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው የፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ እትም ከሞላ ጐደል በአንድ ጽሑፍ ተሞላ፤ እርሱም የኮመርሲየም ኤፒስቶሊኩም ግምገማ ሲሆን የጸሐፊ ስም የለበትም። ኒውተን የራሱን ውሳኔ ራሱ ገምግሞ፣ ስለ ራሱ «ሚስተር ኒውተን» እያለ እንደ ሦስተኛ ሰው ጽፎ አመሰገነው። ከሁሉ የሚደንቀው፣ በዚሁ ግምገማ ውስጥ ላይብኒትስን ሲነቅፍ፣ ማንም ሰው ለራሱ ጉዳይ ምስክር ሊሆን እንደማይችልና ይህን የሚቀበል ዳኛ ዐመፀኛ እንደሚሆን መከራከሩ ነው። ብዕሩን ይዞ ይህን ሲጽፍ እጁ አልተንቀጠቀጠ ይሆን?

ላይብኒትስ በ1716 ዓ.ም. በሀኖቨር ከተማ የሌባ ስም እንደ ተለጠፈበት ሞተ። ኒውተን ግን ሙቱንም አልማረውም። በ1722 ዓ.ም. መጽሐፉ እንደ ገና ሲታተም ያ ስም የለሽ ግምገማ ወደ ላቲን ተመልሶ መቅድም ሆነ፤ በ1726 ዓ.ም. ደግሞ ከፕሪንሲፒያ ሦስተኛ እትም ላይ ላይብኒትስን የሚያነሣውን ያን የቀድሞ ማስታወሻ አወጣና በምትኩ ሌላ አገባ። እውነቱ እየተገለጠ የመጣው፣ ደ ሞርጋን የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅና ሌሎች መርማሪዎች ከመቶ ዓመት በኋላ ሰነዶቹን ሲያስተያዩ ነው። በኒውተን እጅ የተጻፉት ረቂቆች ዛሬ በካምብሪጅ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚስማሙበት፣ ሁለቱም ያገኙት በየራሳቸው ነው፤ በማግኘት ኒውተን ቀደመ፣ በማሳተም ላይብኒትስ ቀደመ።

ማኅበሩ በ1752 ዓ.ም. መጽሔቱን በራሱ ኀላፊነት ሥር አድርጎ ጽሑፎችን የሚመርጥ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ከ1832 ዓ.ም. ወዲህም የገምጋሚዎችን አስተያየት በጽሑፍ መቀበል ጀመረ። በእንግሊዝ አገር የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች በ1997 ዓ.ም. የመሠረቱት የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴም፣ ጥቅም ወይም ጠብ ያለው ገምጋሚ ይህንኑ እንዲገልጥ፣ አዘጋጁም በራሱ ጽሑፍ ላይ እንዳይወስን ይመክራል። ነገር ግን በብዙ መጽሔቶች የገምጋሚው ስም እስከ ዛሬ ተሰውሮ ይኖራል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ታናሹ የታላቁን ስሕተት ሳይፈራ እንዲናገር ነው። በ1715 ዓ.ም. ግን በዚያው መጋረጃ የተሸሸገው ታናሹ አልነበረም።

የዚያን ፍርድ ዕዳ የከፈሉት የእንግሊዝ ተማሪዎች ናቸው። የአውሮፓ ሊቃውንት በቀላሉ የላይብኒትስ ምልክት የሒሳብን ዕውቀት ወደ ፊት ሲያራምዱ፣ እንግሊዞች ለኒውተን ክብር ሲሉ በእርሱ ነጥቦች ብቻ እየሠሩ መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቀሩ። በ1812 ዓ.ም. ቻርልስ ባቤጅ፣ ጆን ሄርሼልና ጆርጅ ፒኮክ፣ ሦስቱም የካምብሪጅ ወጣት ተማሪዎች፣ ከጓደኞቻቸው ጋር የላይብኒትስን ምልክት ወደ አገራቸው ለማስገባት ማኅበር አቋቋሙ። ከአምስት ዓመት በኋላም ፒኮክ ፈታኝ ሆኖ ተሾመና በኒውተን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፈተና ላይ ጥያቄዎቹን በላይብኒትስ ምልክት ጽፎ አወጣ።