የካንሳስ ትምህርት ቦርድ መቀመጫ፦ ከ1999 እስከ 2007 የተሰጡ አራት ውሳኔዎችና መንስኤያቸው

ከ1999 እስከ 2007 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአሜሪካዋ የካንሳስ ክፍለ ግዛት የትምህርት ቦርድ በሳይንስ ትምህርት መመዘኛው ላይ አራት ጊዜ ድምፅ ሰጥቷል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ እያንዳንዱ ውሳኔ የቀደመውን የሚሽር ነበር። ስለዚህ ዘመን የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ በዝግመተ ለውጥ ትምህርት ምክንያት በሃይማኖትና በሳይንስ መካከል የተደረገውን ሙግት ይተርካል፤ ሙግቱም በእርግጥ ነበረ። ይሁን እንጂ የቦርዱን የድምፅ መዝገብ ከምርጫው ውጤት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናነብ አንድ ጥያቄ ይነሣብናል፦ ውሳኔው ይህን ያህል ሲገለባበጥ፣ ሐሳቡን የለወጠው ማን ነው?

ለዚህ መልስ ለማግኘት መቀመጫው ራሱ ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ትምህርትን በስም ስለማይጠቅስ ሥልጣኑ ለየክፍለ ግዛቶቹ የተተወ ነው። በካንሳስ ይህን ሥልጣን ለረጅም ዘመን የያዘው በሕዝብ የሚመረጥ አንድ የበላይ ተቆጣጣሪ ነበር። የ1963ቱ ሕግ ትናንሾቹን የትምህርት ወረዳዎች አዋሕዶ ቁጥራቸውን ወደ 300 ገደማ ለማውረድ መንገድ ከከፈተ በኋላ፣ ሕዝቡ በ1966 ባጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አሥር አባላት ያሉት ቦርድ ተተካ፤ የትምህርት ኮሚሽነሩን የሚሾመውም ይኸው ቦርድ ሆነ። እያንዳንዱ አባል አራት የሴኔት ምርጫ ክልሎች ተጣምረው ከሚሠሩት አንድ ሰፊ ክልል ለአራት ዓመት ይመረጣል፤ በየሁለት ዓመቱም አምስት መቀመጫዎች ለውድድር ይቀርባሉ። በ2000 ቆጠራ የክፍለ ግዛቱ ነዋሪ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር፣ አንድ የቦርድ አባል 270,000 ያህል ሰው ይወክል ነበር ማለት ነው።

ዕጩዎች የሚወዳደሩት በፓርቲ ስም ነው። ካንሳስ በአብዛኛው ሪፐብሊካን በመሆኗ፣ ብዙውን ጊዜ መቀመጫው የሚወሰነው በኅዳሩ አጠቃላይ ምርጫ ሳይሆን በነሐሴ መጀመሪያ ማክሰኞ በሚደረገው የፓርቲው ቅድመ ምርጫ ነው። በዚያ የክረምት ዕረፍት ወቅት ወደ ድምፅ መስጫ የሚሄደው መራጭ ከኅዳሩ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ የትምህርቱን አቅጣጫ የመወሰን ኃይል በተግባር በአንድ ፓርቲ ውስጥ በሚገኙ ጥቂት ትጉህ መራጮች እጅ ይወድቃል። በዚያ ፓርቲ ውስጥ ደግሞ ለዘብተኞችና ወግ አጥባቂዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጎራ ለይተው ይፎካከሩ ነበር።

የመጀመሪያው ውሳኔ የተሰጠው ነሐሴ 11 ቀን 1999 ነው። የሳይንስ ሊቃውንትና መምህራን የተካተቱበት 27 አባላት ያሉት ኮሚቴ አንድ ረቂቅ አዘጋጅቶ ነበር። ቦርዱ ግን በእንስሳት ሐኪሙ ስቲቭ አብራምስ ግንባር ቀደም ተሳትፎ የተዘጋጀውን ሌላ ሰነድ መርጦ 6 ለ 4 በሆነ ድምፅ አጸደቀ። ደጋፊዎቹ አብራምስ፣ የቦርዱ ሰብሳቢ ሊንዳ ሆሎዌይ፣ ሜሪ ዳግላስ ብራውን፣ ስኮት ሂል፣ ጆን ቤከንና ሃሮልድ ቮት ነበሩ። ተቃዋሚዎቹ ሶኒ ራንደል፣ ቫል ዲፌቨር፣ ቢል ዋግነንና ጃኔት ዋው ናቸው።

በዚህ ውሳኔ ይዘት ላይ ምስክሮቹ አይስማሙም። በጊዜው በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው ዜና ካንሳስ ዝግመተ ለውጥን ከለከለች የሚል ነበር፤ ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ምርጫውን ለየወረዳው ከመተው በቀር ያደረጉት ነገር እንደሌለ ይናገሩ ነበር። ሰነዱ ሁለቱንም አያጸናም። ማስተማርን የሚከለክል ቃል በውስጡ የለም፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ የሚታዩትን ትናንሽ ለውጦችም ይቀበላል። ነገር ግን ዝርያዎች ከጋራ የዘር ግንድ ስለመምጣታቸው የሚያወሳውን አብዛኛውን ክፍል፣ እንዲሁም ስለ ምድር ዕድሜና ስለ ታላቁ ፍንዳታ የተጻፈውን አውጥቷል፤ በመሆኑም እነዚህ ርእሶች ከክፍለ ግዛቱ ፈተና ውጭ ሆኑ። ፈተና የማይጠይቀውን ትምህርት መምህሩ ጊዜ እንደማይሰጠው የታወቀ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ክልከላ ባይሆንም ተራ የሥልጣን ክፍፍል ብቻ ነው ማለትም አይቻልም።

ምላሹ ከዓመት በኋላ በምርጫ መጣ። ነሐሴ 1 ቀን 2000 በተደረገው ቅድመ ምርጫ ሆሎዌይ በሱ ጋምብል፣ ብራውን ደግሞ በካሮል ሩፕ ተሸነፉ፤ ሂል ያልተወዳደሩበትን መቀመጫ ብሩስ ዋያት ያዙት። አብራምስ ግን መቀመጫቸውን አላጡም። አዲሱ ቦርድ የካቲት 14 ቀን 2001 ዝግመተ ለውጥን 7 ለ 3 በሆነ ድምፅ ወደ መመዘኛው መለሰ። እዚህ ላይ መዝገቡን በስም እንቁጠር። ሰባቱ ድምፆች በ1999 ከተቃወሙት አራቱና ከሦስቱ አዲስ አባላት የተገኙ ናቸው፤ ሦስቱ ተቃውሞዎች የአብራምስ፣ የቤከንና የቮት ናቸው። በሁለቱም ውሳኔዎች ከተገኙት ሰባት ሰዎች መካከል ጎራ የቀየረ አንድም የለም።

ሚዛኑ ግን አልጸናም። በ2002 ራንደልና ዲፌቨር በቅድመ ምርጫ በኮኒ ሞሪስና በአይሪስ ቫን ሚተር ተሸነፉ፤ የቮትን ቦታ ኬን ዊላርድ ያዙ፤ ቦርዱም 5 ለ 5 ተከፈለ። በነሐሴ 2004 ጡረተኛዋ መምህርት ካቲ ማርቲን ዋያትን ሲያሸንፉ ስድስተኛው ድምፅ ተገኘ። ወግ አጥባቂዎቹ አብላጫውን መልሰው የያዙት በዚህ በአንድ መቀመጫ ነው።

በግንቦት 2005 በአዲስ የሳይንስ መመዘኛ ረቂቅ ላይ በቶፒካ ከተማ የተካሄደው የምስክሮች መድረክ የዓለምን ጋዜጠኞች የሳበ ሲሆን፣ ሰብሳቢዎቹ አብራምስ፣ ማርቲንና ሞሪስ ነበሩ። የአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር የቀረበለትን ግብዣ አልተቀበለም፤ ሌሎች የሳይንስ ሊቃውንትም ከመድረኩ ራቁ። ስለዚህ ዝግመተ ለውጥን የሚነቅፉ ምስክሮች ሲናገሩ፣ በሌላው ወገን የቆሙት ትውልደ ኩባው የሕግ ባለሙያ ፔድሮ ኢሪጎኔጋራይ ነበሩ። ኢሪጎኔጋራይ ምስክሮቹን ስለ ምድር ዕድሜ ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ ከጥቂት ሺህ ዓመታት እስከ ቢሊዮኖች የሚዘረጋ ነበር፤ ከምስክሮቹ አንዳንዶቹም የሚነቅፉትን ረቂቅ ሙሉ በሙሉ እንዳላነበቡ በመስቀለኛ ጥያቄው አምነዋል። አዘጋጆቹ መድረኩን ነፃ የሐሳብ ልውውጥ ብለው ሲያስታውሱት፣ የራቁት ሊቃውንት ፍርዱ አስቀድሞ ያለቀ ትርኢት አድርገው ይቆጥሩታል። መዝገቡ በዚህ ነጥብ ወደ ሁለተኛው ወገን ያደላል፦ ኅዳር 8 ቀን 2005 ዝግመተ ለውጥን የሚጠራጠረውና የሳይንስን ትርጓሜ ከተፈጥሯዊ ማብራሪያ ወሰን ያወጣው መመዘኛ 6 ለ 4 ሲጸድቅ፣ ድምፁ ከመድረኩ በፊት ከነበረው የጎራ አሰላለፍ አንድ ሰው እንኳ ፈቀቅ አላለም።

ነሐሴ 1 ቀን 2006 ሞሪስ በሳሊ ኮብል ተሸነፉ፤ ቫን ሚተር ያልተወዳደሩበትን መቀመጫም ጃና ሼቨር ወሰዱት። ዊላርድና ቤከን ግን በዚያው ምርጫ ጸንተዋል። የካቲት 13 ቀን 2007 ቦርዱ የ2005ቱን መመዘኛ 6 ለ 4 ሻረ፤ ከ2005 የዘለቁት ስምንት አባላትም ሁሉ በነበሩበት ቆመው ድምፅ ሰጡ። በ2013 አዲሱ የሳይንስ መመዘኛ 8 ለ 2 ሲጸድቅ የተቃወሙት ሁለቱ ደግሞ ያው ቤከንና ዊላርድ ነበሩ።

ከዚህ ተነሥተን መራጩ በዝግመተ ለውጥ ላይ ብያኔ ሰጠ ብንል ግን ከማስረጃው እናልፋለን። አንደኛ፣ አራቱ ሰነዶች አንድ ዓይነት ስላልነበሩ የድምፆቹ ንጽጽር ወሰን አለው። ሁለተኛ፣ ሌሎች ምክንያቶች ነበሩ፦ ቦርዱ በጥቅምት 2005 በትምህርት አስተዳደር ልምድ ያልነበራቸውን ቦብ ኮርኪንስን ኮሚሽነር አድርጎ መሾሙ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቷል፤ ሞሪስም ለስብሰባ ጉዞ ባወጡት ወጪ ተወቅሰው ነበር። ሦስተኛ፣ አብራምስ፣ ቤከንና ዊላርድ በየክልላቸው ማሸነፋቸው ክፍለ ግዛቱ በአንድ ድምፅ እንዳልተናገረ ያሳያል። በሌላ በኩል የ2005ቱ መድረክ አባላቱን ባያናውጥም መራጮችን አንቅቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ዕድል መዝገቡ አይዘጋውም።

እነዚህን ገደቦች ሁሉ ከቆጠርን በኋላም አንድ ፍሬ ነገር ጸንቶ ይቆያል። በፔንሲልቬኒያዋ ዶቨር ተመሳሳይ ክርክር በታኅሣሥ 2005 በፌዴራል ዳኛ ፍርድ እልባት ሲያገኝ፣ የዚያ ዘመን የካንሳስ መመዘኛዎች ግን ችሎት ፊት አልቀረቡም፤ የወጡትም የወረዱትም በመቀመጫ ለውጥ ብቻ ነው። በ2000 ሦስት፣ በ2002 ሁለት፣ በ2004 አንድ፣ በ2006 ሁለት መቀመጫዎች ከአንዱ ጎራ ወደ ሌላው ሲያልፉ የአንድ ክፍለ ግዛት ሕፃናት የሚማሩት ሳይንስ ተለወጠ። ስለዚህ የዚህን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከአዳራሹ ንግግር ይልቅ ዕጩ ሆኖ የተመዘገበውን፣ በነሐሴ ድምፅ የሰጠውንና ሳይሰጥ የቀረውን ሊመረምር ይገባዋል፤ የውሳኔዎቹ መንስኤ የሚገኘው እዚያ ነውና። ለዜጋም የሚተርፈው ትምህርት ይኸው ነው፦ ስለ ሥርዓተ ትምህርት የሚቆረቆር ሰው ክርክሩ እስኪሟሟቅ ከጠበቀ፣ ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ የደረሰ ይሆናል።