የሁለት ሽቦዎች ታሪክ፦ አውቶማቲክ ካምቢዮ በእጅ ማርሽ ሲተካ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አውቶማቲክ ካምቢዮው ወርዶ በእጅ ማርሽ የተተካ አንድ መኪና እንድመለከት ወደ አንድ ጋራዥ ተጠርቼ ነበር። በመካኒክ በኩል ሥራው እንከን አልነበረውም። «ኢንጂነር፣ መጀመሪያ ሞተሪኖው እምቢ ብሎን ነበር፤ እነዚህን ሁለት ሽቦዎች ስናገናኛቸው ተነሣ» አለኝ ኤሌክትሪሲያኑ በኩራት። ወዲያውም ማርሽ መግባቱን ሳያስተውል እጁን በመስኮት አሳልፎ ቁልፉን አዞረው። መኪናው ወደ ፊት ዘሎ የሥራ ጠረጴዛውን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። በመካከሉ ሰው ያልነበረው በአጋጣሚ ነው።

እነዚያ ሁለት ሽቦዎች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይ ከተገጠመ በኋላ፣ ሞተርን በእጅ እየዘወሩ ማስነሣት ቀስ በቀስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በሞተሪኖውና በጎማው መካከል የቆመው ጠባቂ ፍሪሲዮን የሚረግጠው የነጂው ግራ እግር ነበር። ኦልድስሞቢል ለ1940 ሞዴል ያቀረበው ሃይድራማቲክ ግን ኃይልን በፈሳሽ ማያያዣ የሚያስተላልፍ በመሆኑ ፔዳሉን ከነጭራሹ አስወገደው። የጥንቃቄው ድርሻም ከእግር ወደ ማርሽ ዘንግ ተዛወረ፤ ይኸውም በፓርክና መካኒኮቻችን «ፎሌ» በሚሉት ቦታ ብቻ ኮረንት የሚያሳልፍ ማብሪያ፣ ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው ሶሌኖይድ የሚሄደውን መስመር ለሁለት ከፍሎ ገባ። የአሜሪካ መንግሥት 102ኛው የተሽከርካሪ ደህንነት ደረጃ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1968 ጀምሮ፣ አውቶማቲክ ማርሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በገባበት ጊዜ ሞተሪኖው እንዳይሠራ አስገደደ። በእጅ ማርሽ ላይ ይህን ግዴታ አልጣለም። ካምቢዮው የተለወጠ መኪና እንግዲህ ከሁለቱ መካከል ይወድቃል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚዘነጋው ነገር እዚህ ላይ ነው። በሃይድሮሊክ አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ በቂ ግፊት የለም፤ ማብሪያው ቢታለፍ እንኳ መኪናው የሚንቀሳቀሰው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ነው። በእጅ ማርሽ ግን ፍሪሲዮኑ ካልተረገጠ ከሞተሩ እስከ ጎማው ያለው ሁሉ አንድ ሆኖ የተያያዘ ነው። ሞተሪኖው ራሱ፣ ገና በመጀመሪያው ዙር፣ መኪናውን ይገፋዋል። ስለዚህ ሽቦዎቹን ማገናኘት የቀድሞውን አደጋ ያብሰዋል እንጂ ባለበት አያቆየውም። ተገቢው መንገድ ሁለቱን ሽቦዎች ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ብቻ ወደሚያገናኝ የፔዳል ማብሪያ ማድረስ ነው። በዚያው አውቶማቲክ ማብሪያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኙት የኋላ ማርሽ መብራት ሽቦዎች ደግሞ በአዲሱ ካምቢዮ አካል ላይ ወደሚታሰረው ማብሪያ ይዛወራሉ።

ቁልፉ ከመሪው ሥር አልወጣ ብሎ የሚያስቸግረው ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የአውዲ 5000 ባለቤቶች መኪናችን ሳናዘው ተፈተለከ የሚል አቤቱታ ካበዙ በኋላ፣ ኩባንያው በ1987 መኪኖቹን ጠርቶ ፍሬን ካልተረገጠ ማርሹ ከፓርክ እንዳይወጣ የሚያደርግ መቆለፊያ ገጠመ። የመንግሥት ጥናት በ1989 ዋናውን ምክንያት የፔዳል ስሕተት ነው ቢልም መቆለፊያው ግን በሌሎችም ዘንድ ተስፋፋ። በብዙ መኪናዎች ቁልፉም ከፓርክ ምልክት ጋር ስለተያያዘ፣ የማርሽ ዘንጉ ሲነሣ ምልክቱን የሚሰጠው አብሮ ይጠፋል።

ኮምፒውተር ያለባቸው ሞተሮች የበለጠ ያስቸግራሉ። በአንዳንድ የጃፓን መኪናዎች ኮምፒውተሩ ፎሌ መሆኑን የሚያውቀው ከዚሁ ከሞተሪኖው መስመር ነው፤ በመሆኑም የፔዳል ማብሪያው በቦታው ሲገባ፣ እግር ከፔዳሉ በተነሣ ቁጥር ማርሽ የገባ መስሎት የሞተሩን ዝግ ዙር ያለቦታው ያስተካክላል። ከ1996 ሞዴል ወዲህ በአሜሪካ ግዴታ የሆነው የምርመራ ሥርዓትም የጠፉትን የካምቢዮ ሶሌኖይዶች እየፈለገ የማስጠንቀቂያ መብራት ሊያበራ ይችላል። እኔ እንደምመርጠው፣ ለእጅ ማርሽ የተሠራውን ኮምፒውተር ማግኘት ከተቻለ መለወጡ፣ ሽቦ በሽቦ ከማታለል ይሻላል።

በዚያ ጋራዥ ሽቦዎቹን ፈትተን ከአሮጌ መኪና የተነቀለ የፔዳል ማብሪያ ገጠምን። ኤሌክትሪሲያኑም አዲሱን መስመር በወረቀት ሥሎ በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ለጠፈው።