የበቀቀን ማደሪያ፦ ከዛፍ ቆጥ እስከ ቡጎሎቢ በረንዳ

በሀገራችን ገጠር የቀኑን መምሸት ከሚያበስሩ ምልክቶች አንዱ የዶሮ ወደ ቆጥ መውጣት ነው። ሰው ከዶሮ ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት አብሮ ስለኖረ ማደሪያዋን አሳምሮ ያውቃል፤ ለእርሷ የሚሆን ቆጥ ሳያበጅ ቤት ሠራሁ አይልም። የበቀቀን ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ሰው በቀቀንን ለአንደበቱ ሲል ወደ ቤቱ ካስገባው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ቀን ምን እንደሚናገር እንጂ ሌሊት እንዴት እንደሚያድር የጠየቀው እምብዛም ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን የተረሳ ግማሽ፣ ማለትም የበቀቀንን የሌሊት ታሪክ፣ ባጭሩ ማስቃኘት ነው።

ጉዳዩ በቡጎሎቢና በአካባቢው ለምንኖር አንባብያን ሩቅ አይደለም። አማርኛው በቀቀን የሚለውን ወፍ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ካሱኩ፣ ባጋንዳ ደግሞ ንኩሱ ይሉታል። በዚህ ሀገር ይህ ስም ሲጠራ በሰው ሐሳብ የሚመጣው ጅራቱ ደማቅ ቀይ፣ አካሉ አመድማ የሆነው የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ነው። ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 በሳይንሳዊ መዝገቡ ያሰፈረው ይህ ወፍ ከምዕራብ አፍሪካ ደኖች ተነሥቶ በኮንጎ ተፋሰስ በኩል እስከ ዩጋንዳና ምዕራብ ኬንያ ድረስ ይኖራል። በካምፓላና በእንቴቤ ሰማይ ላይ እያፏጨና እየጮኸ ሲያልፍ ዛሬም ይታያል።

ይህ ወፍ በዱር ሲኖር ሌሊቱን የሚያሳልፈው ብቻውን አይደለም። እንቁላሉን የሚጥለው በዛፍ ግንድ ውስጥ ባለ ጎድጓዳ ቢሆንም፣ የሚያድረው ግን ከብዙ ወገኖቹ ጋር በረጃጅም ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ነው። ቀን በትናንሽ ቡድን ተከፋፍሎ ፍሬ ሲለቅም የዋለው ሁሉ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከየአቅጣጫው ወደ አንድ ማደሪያ ይሰበሰባል። የወፎቹ ቁጥር ባልተመናመነባቸው ስፍራዎች በአንድ ማደሪያ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ በቀቀኖች ያድሩ ነበር። ከመተኛታቸው በፊት ረጅም ጫጫታ ያሰማሉ፤ ጨለማው ሲጠነክር ጸጥ ይላሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ በየቡድናቸው ይበተናሉ።

የሌሊታቸው ርዝመትም የተወሰነ ነው። ካምፓላ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ ማታም በዚያው ሰዓት ግድም ትጠልቃለች። ባጋንዳም እንደ እኛው ሰዓትን ከንጋት ጀምረው የሚቆጥሩት፣ የእኛን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እነርሱም 1 ሰዓት የሚሉት፣ በእንዲህ ያለ ሰማይ ሥር በመኖራቸው ቢሆን አያስገርምም። ክረምትና በጋ የማያዛባው የ12 ሰዓት ያህል ጨለማ ለበቀቀን በተፈጥሮ የተመደበለት ድርሻ ነው።

ግራጫው በቀቀን ወደ ሀገራችን ባይዘልቅም፣ ኢትዮጵያ የራሷ በቀቀኖች አሏት። ከእነዚህ አንዱ ግንባሩ ቢጫ የሆነውና ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ሀገር የማይገኘው፣ ጀርመናዊው ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1845 በጽሑፍ ያሳወቀው በቀቀን ነው። ሌላው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ የሚኖረው ክንፈ ጥቁር ትንሽ በቀቀን ነው። ይህ አረንጓዴ ወፍ በአዲስ አበባ ዛፎችም ላይ ይታያል፤ ወንዱ በቀይ ግንባሩ ይለያል። ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1814 ሲሆን፣ ስሙም እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ከቀይ ባሕር ጠረፍ ወደ ትግራይ ሲጓዝ ካቋረጠው ከታራንታ ተራራ የተወሰደ ነው። የዚህ ወፍ አዳር ከግራጫው ይለያል፤ በጥቂት ቁጥር ሆኖ በዛፍ ጎድጓዳ ውስጥ ተጠጋግቶ ያድራል። የደጋውን የሌሊት ቁር ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አያሻም። እንግዲህ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ፣ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ቢያድርም፣ ሁለቱም ከወገን ጋር በማደር አንድ ናቸው።

ሰው በዚህ አዳር ውስጥ ጣልቃ የገባው ከጥንት ጀምሮ ነው። ለፋርስ ንጉሥ ሐኪም የነበረው ግሪካዊው ክቴስያስ ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 ዓመት ገደማ ስለ ሕንድ ሲጽፍ እንደ ሰው የሚናገር ወፍ አንሥቷል። ከእርሱ በኋላ ዳግማዊ በጥሊሞስ በእስክንድርያ ባደረገው ታላቅ የሰልፍ በዓል ላይ በቀቀኖችና ጣዎሶች፣ ከእነርሱም ጋር «የኢትዮጵያ ወፎች» የተባሉ፣ በብዛት ተይዘው እንዳለፉ ተጽፏል። በዚያ ዘመን ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሀገር ሁሉ ማለታቸው እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። ሮማዊው ፕሊኒም ኔሮን ወደ ኑብያ የላካቸው ሰዎች ወደ ሜሮዌ ሲያቀኑ በቀቀን በመንገዳቸው ላይ እንዳዩ መዝግቧል።

ሮማውያን በቀቀንን እጅግ ወደዱት፤ አያያዙን ግን አልቻሉበትም። ፕሊኒ እንደሚለው ወፉ ንግግር ሲማር ጭንቅላቱ እንደ ምንቃሩ ጠንካራ ስለሆነ በብረት ዘንግ ይመታ ነበር። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኖረው ባለቅኔው እስታቲየስ ደግሞ ሜሊዮር የተባለ ባለጸጋ ወዳጁ በቀቀን በሞተ ጊዜ የሐዘን ቅኔ ጽፎለታል። ቅኔው የወፉን ቀፎ ይገልጻል፤ ዘንጎቹ ብር፣ ማያያዣው የዝሆን ጥርስ ነበር። ነገር ግን በዚያው ቅኔ ውስጥ ሳይታሰብ የተመዘገበ ሌላ ነገር አለ። ወፉ በሞተበት ዋዜማ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሳይቀር በግብዣው መካከል ከእንግዶቹ ጋር ሲዞርና ሲመገብ ነበር። ለሞቱ ምክንያቱ ይህ ነው ማለት አይቻልም። ይሁንና የብር ማደሪያ ያሠራለት ጌታ በማደሪያው ሊያሳድረው እንዳላሰበ ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል።

ግራጫው በቀቀን በኋላ ዘመን በፖርቱጋልና በሌሎች አውሮፓውያን መርከቦች ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ እየተጫነ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1702 ያረፈችው የሪችመንድ ዱቼስ ፍራንሲስ ስቱዋርት፣ አርባ ዓመት አብሯት ኖሯል የሚባለው ግራጫ በቀቀኗ ገላው ደርቆ ከሰም ምስሏ ጋር በለንደን ዌስትሚንስተር አቢይ ተቀምጧል። በቀቀን በእንዲህ ያሉ ቤቶች ውስጥ ከሻማና ከፋኖስ፣ በኋላም ከኤሌክትሪክ መብራት ጋር አብሮ ማምሸት ግድ ሆነበት። ሲመሽ ቀፎውን በጨርቅ የመሸፈን ልማድም የዚህ ኑሮ መፍትሔ ነው፤ ሰው የራሱን ቀን በመብራት ሲያስረዝም ለወፉ ትንሽ ሌሊት ቆርጦ ሰጠው።

የወፍ እንቅልፍ ምን እንደሆነ በጥልቀት የተመረመረው ግን በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ የዳክዬ ጥናት ወፎች የአንጎላቸውን ግማሽ አሳርፈው በሌላው ግማሽ ነቅተው መጠበቅ እንደሚችሉ አሳይቷል። በተርታ ከተኙት ዳክዬዎች መካከል ያሉት ሁለቱንም ዓይናቸውን ሲከድኑ፣ ዳርና ዳር ያሉት ወደ ውጭ የሚያየውን ዓይናቸውን አብዝተው ከፍተው ያድራሉ። መንጋ ማለት እንግዲህ ተራ ጫጫታ አይደለም፤ የጥበቃ ተራ ነው። ይህን ወደ በቀቀን ስናመጣው፣ በአንድ ቀፎ ውስጥ ብቻውን የሚያድር ወፍ መካከል የሚባል ስፍራ የለውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ዳር አዳሪ ነው። ለጥቂት ኮሽታ ደንግጦ በጨለማ ክንፉን ከሽቦ ጋር የሚያላትመውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከወገን ርቆ አንድ ዓይን ከፍቶ ማደር ምን እንደሆነ በሰው ሀገር የኖረ ሰው አይጠፋውም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ አብሮ የማደር ልማድ ራሱ የወፉ መጥፊያ መሆኑ ነው። በየማታው ወደ አንድ ማደሪያ የሚመለስን መንጋ ለመያዝ ደን ማሰስ አያስፈልግም። አጥማጆች ማደሪያውን አውቀው መረብ ይዘረጋሉ፤ ሙጫ ይቀባሉ፤ የተያዘ በቀቀንን አስረው በጩኸቱ ሌሎቹን ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ ከዱር ተይዘው በሕጋዊ መንገድ ለዓለም ገበያ የቀረቡት ግራጫ በቀቀኖች ከ1.3 ሚሊዮን እንደሚበልጡ የንግዱ መዝገቦች ያሳያሉ፤ በመንገድ የሞቱትና በድብቅ የተሸጡት በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። በጋና ከሃያ ዓመታት በፊት እያንዳንዳቸው ከ700 እስከ 1,200 ወፎች ያድሩባቸው የነበሩ ሦስት ማደሪያዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት መሠረት፣ ዳግመኛ ሲጎበኙ በድምሩ የታዩት 18 ወፎች ብቻ ነበሩ።

በዚሁ ዓመት ግራጫው በቀቀን ለመጥፋት በተቃረቡ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። በጆሃንስበርግ የተሰበሰቡት መንግሥታትም ከዱር የተያዘን ግራጫ በቀቀን ለንግድ ከሀገር ወደ ሀገር ማዛወር ከለከሉ፤ ክልከላው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ ጸና። ንግዱ ግን በድብቅ ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከኮንጎ በቡናጋና በኩል ወደ ዩጋንዳ ሊገቡ ሲሉ የተያዙት በቀቀኖች ከመቶ በላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የዩጋንዳ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል፤ ለመጥፋት በተቃረቡ ዝርያዎች ላይ ለሚፈጸም ወንጀል ቅጣቱ እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ይደርሳል። ስለዚህ በመንገድ ዳር በካርቶን የቀረበለትን ወፍ «አዝኜለት ገዛሁት» የሚል ሰው፣ አንድ ወፍ ያዳነ ቢመስለውም፣ አጥማጁን በማግሥቱ ወደ ማደሪያው የሚመልሰው እርሱ ነው።

በሕጋዊ ፈቃድ በቀቀን ያለው ሰው ከዚህ ታሪክ ምን ይማራል? ለወፉ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ጸጥ ያለ ጨለማ መስጠት የመጀመሪያው ግዴታ ነው። ቴሌቪዥን የሚያመሽበት ሳሎን ወይም የጥበቃ መብራት ሌሊቱን የሚበራበት በረንዳ ለዚህ አይሆንም፤ የጄኔሬተር ጩኸትና ጭስ የሚደርስበት ስፍራም እንዲሁ። ወጥ ቤትም አይመከርም፤ እንዳያሲዝ ተደርጎ የተለበጠ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጢስ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ቀፎው የሚሸፈን ከሆነ ጨርቁ አየር የሚያስገባ ይሁን፤ የሚደነግጥ ወፍ ከሆነ ደብዘዝ ያለ ትንሽ መብራት ይረዳዋል። የሚቆምበት እንጨት ወፍራምና ቀጭን የተቀላቀለበት የዛፍ ቅርንጫፍ ቢሆን እግሩ ያርፋል። ውጭ የሚያድር ከሆነ ደግሞ ድመትና የዩጋንዳ ጉንዳን መኖራቸውን ማሰብ ይገባል፤ ጉንዳን ሲመጣ ዶሮ ከቆጧ ልትሸሽ ትችላለች፤ በቀፎ የተዘጋበት በቀቀን ግን መውጫ የለውም።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2007 በአሜሪካ አሌክስ የተባለው ግራጫ በቀቀን በ31 ዓመቱ በሌሊት በቀፎው ውስጥ ሞተ። ሳይንቲስቷ አይሪን ፔፐርበርግ ቀለማትን፣ ቅርጾችንና ቁጥሮችን ያስተማረችው ይህ ወፍ፣ በቀቀን ቃል ደጋሚ ብቻ ነው የሚለውን የቆየ አመለካከት ያናወጠ ነበር። በዋዜማው ማታ ወደ ማደሪያው ስታስገባው እንደወትሮው ተሰናብቷታል፤ ነገ እንደምትመለስም ጠይቋታል። የሰውን ንግግር ይህን ያህል የለመደ ፍጡር እንኳ ሲመሽ የሚሻው አብሮት የሚሆን ነበር። በቀቀን ከሰው ቃል ተምሯል፤ ሰው ደግሞ ከበቀቀን ሌሊትን ማክበር ሊማር ይገባዋል። የዚህ ክብር መጀመሪያም፣ በካምፓላ ምሽት ሰማይ ላይ እያፏጩ የሚያልፉት ንኩሱዎች ወደ ዛፋቸው በሰላም እንዲደርሱ መተው ነው።