ከ90 ቀን በኋላስ? ጡት፣ የታለበ ወተት ወይስ የቆርቆሮ ወተት

እንደሚታወቀው በአገራችን ጡት ማጥባት እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ 97 ያህሉ ሕፃናት ጡት ጠብተው እንደሚያውቁ አሳይቷል፡፡ በዚያው ጥናት ግን ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች ከሆኑት ውስጥ ያለ ውኃና ያለ ሌላ ምግብ ጡት ብቻ ሲጠቡ የተገኙት ከመቶ 58 ነበሩ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናትም ቁጥሩ 59 ነው፡፡ እናቶቻችን ማጥባቱን ያውቁበታል፤ ፈተናው «ብቻ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው፡፡

እኔ የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም፡፡ በዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያደረገኝ ጉንችሬ ከተማ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥራ የምትሠራ የዘመድ ልጅ ያቀረበችልኝ ጥያቄ ነው፡፡ «ጋሼ፣ ሐኪሞቹ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይሉኛል፡፡ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላሽ ተመለሺ ይለኛል፡፡ የማንን ልስማ?» አለችኝ፡፡ ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም፡፡ በወልቂጤም፣ በቡታጅራም፣ በአዲስ አበባም ደመወዝተኛ እናት ሁሉ የምትጠይቀው ነው፡፡ ስለዚህ የሰጠኋትን መልስ ለአንባብያንም ላካፍል፡፡

ሕጉ ምን ይሰጣል?

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 88 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፡፡ ቀድሞ በነበረው አዋጅ ቁጥር 377/96 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ስለነበር ይህ መሻሻል ነው፡፡ በአንቀጽ 87 መሠረትም ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ባልተያያዘ ሕጋዊ ምክንያት ካልሆነ በስተቀር ሠራተኛዋን በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ማሰናበት አይቻልም፡፡ ለአባትየው የተፈቀደለት ሦስት ቀን ነው፡፡

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት ነው፡፡ እንግዲህ ሐኪሙ 180 ቀን ይላል፤ ሕጉ 90 ቀን ይሰጣል፡፡ እናትየዋ መወሰን ያለባት ስለ ቀሪው 90 ቀን ነው፡፡ ውሳኔው ደግሞ ፈቃዱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ገና በእርግዝና ጊዜ ቢታሰብበት ይሻላል፡፡

ቀኑን ማራዘም

በመጀመሪያ የዓመት ፈቃድ አለ፡፡ አንድ ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ይገባታል፤ አገልግሎቷ ሲጨምር ቀኑም ይጨምራል፡፡ ይህን ከወሊድ ፈቃዷ ጋር አያይዛ ለመውሰድ አስቀድማ በጽሑፍ ብትጠይቅና ቢፈቀድላት ወደ ሦስት ሳምንት ታተርፋለች፡፡

ሁለተኛው የማጥቢያ ሰዓት ነው፡፡ የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 183 የምታጠባ ሠራተኛ በየቀኑ የማጥቢያ ዕረፍት እንዲኖራት ወይም የሥራ ሰዓቷ እንዲቀነስ ይላል፡፡ በእኛ አዋጅ አንቀጽ 87 እና 88 እንዲህ ያለ ሰዓት አልተጻፈም፡፡ ሆኖም አዋጁ ዝቅተኛውን መብት የሚወስን እንጂ የተሻለ ስምምነትን የሚከለክል አይደለም፡፡ በኅብረት ስምምነትም ሆነ በግል ስምምነት ጠዋት ሠላሳ ደቂቃ፣ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ማግኘት ይቻላል፡፡ እንደ ጉንችሬ ባለች ቤትና መሥሪያ ቤት ብዙ በማይራራቁባት ከተማ ይህች ሰዓት ቤት ደርሶ አጥብቶ ለመመለስ ልትበቃ ትችላለች፡፡ አዲስ አበባ ታክሲ ተሰልፋ ለምትውለው ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል፡፡

የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ የመሥሪያ ቤታቸውን የሰው ሀብት ክፍል ይጠይቁ፡፡ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል፡፡

አልቦ ማስቀመጥ

የጡት ወተት በእጅም በማለቢያ ፓምፕም ይታለባል፡፡ ፓምፑ ከሌለ አያሳስብም፤ እጅ ይበቃል፡፡ እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ አውራ ጣትንና ሌሎቹን ጣቶች ከጡቱ ጥቁር ክብ ጀርባ አድርጎ፣ ወደ ደረት ገፋ እያደረጉ መጭመቅ ነው፡፡ ሥራ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ መለማመድ ጥሩ ነው፡፡ ሥራ ቦታም በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ማለብ ያስፈልጋል፡፡ ጡት ካልታለበ ወይም ካልተጠባ ወተቱ ይቀንሳልና፡፡

የታለበው ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፡፡ መብራት የሚጠፋበት ቤት ግን በማቀዝቀዣው ተማምኖ የአራት ቀን ወተት ማጠራቀም አያዋጣም፤ የዕለቱን ለዕለቱ ማለብ ይመረጣል፡፡ ሲሞቅ በሙቅ ውኃ ውስጥ ዕቃውን በማስቀመጥ እንጂ እሳት ላይ በማፍላት አይደለም፡፡ ሕፃኑ ጠጥቶ የተረፈው ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥም፡፡ ከጡጦ ይልቅ በንጹሕ ትንሽ ስኒ ማጠጣት ይመከራል፤ ስኒ ለማጠብ ይቀላል፡፡

የቆርቆሮ ወተት

እናት የሌለችው፣ ወይም እናቱ በሐኪም ትእዛዝ ጡት እንዳትሰጥ የተከለከለች ሕፃን የዱቄት ወተት ያስፈልገዋል፡፡ አማራጭ ያጣች እናትም ስለተጠቀመችበት ልትወቀስ አይገባም፡፡ ነገር ግን ሒሳቡን አስቀድሞ ማወቅ ያሻል፡፡ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በዱቄት ወተት ብቻ ቢያድግ 20 ኪሎ ግራም ያህል ይፈልጋል፡፡ ለእኛ 90 ቀን ቢያንስ 10 ኪሎ ማለት ነው፤ በ400 ግራም ቆርቆሮ 25 ይሆናል፡፡ ጉንችሬ ያለው ሱቅ ዛሬ የሚሸጠውን ዓይነት በሚቀጥለው ወርም ያመጣ እንደሆነ መጠየቅም ደግ ነው፡፡

ዱቄቱ ከተሕዋስያን ነፃ አይደለም፡፡ ስለዚህ ውኃው ፈልቶ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ሳይቆይ፣ ገና ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ይበጠበጣል፤ ከዚያ ቀዝቅዞ ይሰጣል፡፡ የተበጠበጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል፡፡ ዋናው አደጋ ቆርቆሮው ቶሎ እንዳያልቅ ማቅጠን ነው፤ ሕፃኑ ሆዱ እየሞላ ይከሳል፡፡ የላም ወተትም ከዓመት በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡት ምትክ አይሆንም፡፡

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 በ118 ድምፅ ድጋፍና በአሜሪካ ብቸኛ ተቃውሞ ያጸደቀው ደንብ የእናት ጡት ተተኪዎችን ለሕዝብ ማስተዋወቅንና ለእናቶች ነፃ ናሙና መስጠትን ይከለክላል፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ ነፃው ቆርቆሮ እስኪያልቅ ጡቱ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በገንዘብ ነው፡፡

ልማድና ጥርጣሬ

በጉራጌ ቤት አራስ ትከበራለች፤ የቡላ ገንፎ በቅቤ ይቀርብላታል፡፡ ይህ የሚያኮራ ባህል ነው፡፡ ቅቤው ግን ለእናትየዋ እንጂ አፉን ሊያሟሹበት ለሕፃኑ አይደለም፡፡ የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ እንገር የምንለው፣ በሽታ መከላከያ ስላለው አይደፋም፡፡ ከስድስት ወር በኋላም ቆጮና ቡላ ገንቢ ምግብነታቸው አነስተኛ ስለሆነ ከእንቁላል፣ ከባቄላ፣ ከወተትና ከአትክልት ጋር መቀላቀል አለባቸው፡፡

«ወተቴ አይበቃም» የሚለው ሥጋት ብዙዎችን ወደ ቆርቆሮ ይገፋል፡፡ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሕፃኑ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ ኪሎውም ከጨመረ ይበቃዋል፡፡ ካልሆነ ጤና ጣቢያ ይታይ፡፡ ኤችአይቪ በደሟ ያለ እናትም መድኃኒቷን በትክክል እየወሰደች ማጥባት እንደምትችል የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ የራሷን ሐኪም ሳታማክር ግን አታቁም፡፡

ለዘመዴ ልጅ ያልኳት ይህ ነው፡፡ የዓመት ፈቃድሽን ጨምሪ፤ የማጥቢያ ሰዓት በደብዳቤ ጠይቂ፤ ካልተቻለ አልበሽ አስቀምጪ፤ ቆርቆሮውን የመጨረሻው አድርጊው፡፡ ማታና ሌሊት፣ በሰንበትም ጡትሽን ስጪው፡፡ ለሕግ አውጪዎች የምለው ደግሞ አለኝ፡፡ 90 ቀን ሰጥቶ 180 ቀን አጥቢ ማለት ጎደሎውን በእናት ትከሻ ላይ መጣል ነው፡፡ አዋጁ ዳግም ሲሻሻል ቢያንስ የቀን አንድ ሰዓት የማጥቢያ ዕረፍት ይጻፍበት፡፡ እስከዚያ ድረስ አሠሪዎች ይህችን ሰዓት ለመስጠትና በር የሚዘጋ አንዲት ክፍል ለማዘጋጀት ሕግ መጠበቅ የለባቸውም፡፡